ቫሬኒክሊን፦ አንድ ጥያቄ፣ ብዙ መዝገብ፣ የተራራቀ መልስ

በሜይ 2006 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ሲጋራ ለማቆም የሚረዳ ቫሬኒክሊን የተባለ መድኃኒት አጸደቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ ቻንቲክስ፣ በሌሎች አገሮች ደግሞ ቻምፒክስ በሚል ስም የተሸጠው ይህ ክኒን ኒኮቲን አንጎል ውስጥ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች በከፊል እየቀሰቀሰ፣ በከፊል እየዘጋ የሲጋራን አምሮት ያበርዳል። በሙከራ ጥናቶች ከቀደሙት መድኃኒቶች የተሻለ ውጤት አሳይቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ ዓይነት ወሬ ይመጣ ጀመር። መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ጠባያቸው ስለተለወጠ፣ በትንሽ ነገር ስለሚቆጡ፣ በድባቴ ስለተዋጡ፣ ራሳቸውን ስለጎዱና ስላጠፉ ሰዎች ይነገር ያዘ። በኖቬምበር 2007 ኤፍዲኤ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑን ለሕዝብ አስታወቀ። በፌብሩዋሪ 2008 ማሳሰቢያውን አጠነከረ። በጁላይ 2009 ደግሞ በቫሬኒክሊንና ለዚሁ አገልግሎት በሚውለው በቡፕሮፒዮን ላይ ከማስጠንቀቂያዎች ሁሉ የከበደው፣ በጥቁር ሳጥን የሚከበበው ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዘዘ። ማስጠንቀቂያው የተነሣው በዲሴምበር 2016 ነው።

በእነዚያ ዓመታት ውስጥ «ይህ መድኃኒት ሰውን ወደ ድባቴና ራስን ወደ ማጥፋት ይገፋልን?» የሚለው ጥያቄ በፈቃደኝነት ለሚላኩ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርቶች ቋት፣ ለእንግሊዝ ጠቅላላ ሐኪሞች መዝገብ፣ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊትና ለቀድሞ ወታደሮች የጤና ተቋማት፣ ለስዊድን ብሔራዊ መዝገቦች፣ በመጨረሻም ተሳታፊዎች በዕጣ ለተመደቡበት ትልቅ የሙከራ ጥናት ቀርቧል። መልሶቹ ከስምንት እጥፍ በላይ ከሆነ ጭማሪ አንሥቶ ወደ ግማሽ እስከሚጠጋ ቅናሽ ድረስ ተራራቁ። በአእምሮና በባህርይ ጤና ላይ የሚሠራ ተመራማሪ መረጃውን ከየት እንደሚወስድ ከመወሰኑ በፊት ይህን ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር ቢያየው እመኛለሁ። የመረጃ ምንጭ ለመምረጥ ምክር ፈልገው የሚመጡ ባልደረቦች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነግሩኝ በቋቱ ውስጥ ስንት ሚሊዮን ሰው እንዳለ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የአንድ ሰው ጭንቀት በዚያ ቋት ውስጥ ለመመዝገብ በማን እጅ፣ በምን ምክንያት ማለፍ እንዳለበት ነው እላለሁ። የቫሬኒክሊን ታሪክ ይህን ነጥብ በነጥብ ያሳያል።

ጥያቄው ለምን ወደ ዕለት ተዕለት ሕክምና መረጃ ወረደ?

መድኃኒቱ ከመጽደቁ በፊት የተካሄዱት ዋና ዋና ጥናቶች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አላካተቱም ነበር። ይህ በመድኃኒት ምርመራ የተለመደ አሠራር ነው፤ የሚያስከትለው ክፍተት ግን በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም ሰፊ ነበር። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ እጅግ በላቀ መጠን ያጨሳሉ፤ ዕድሜያቸውን ከሚያሳጥሩት ነገሮችም ትምባሆ ከፊተኞቹ ተርታ ይሰለፋል። መድኃኒቱ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች መድኃኒቱ ያልተሞከረባቸው ሰዎች ሆኑ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ነገሩ ራሱ የተጠላለፈ ነው። ማጨስን ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ያጣል፣ ይበሳጫል፣ ስሜቱ ይወርዳል። ይህ የኒኮቲን መቅረት የሚያመጣው የታወቀ ምልክት ነው። አጫሾች መድኃኒት ባይወስዱም ከማያጨሱ ሰዎች ይልቅ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጥፋት ሦስት ተጠርጣሪዎች ነበሩ፦ መድኃኒቱ፣ የኒኮቲን መቅረትና ሰውየው ቀድሞ የነበረበት ሕመም። ጠቃሚ የመረጃ ምንጭ የሚባለው እነዚህን ሦስቱን ለመለየት የሚያስችል መሆን ነበረበት።

እስቲ አንድ ሰው እናስብ። ክኒኑን ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሌሊት ሌሊት ይባንናል፣ ከሚስቱ ጋር ያለ ምክንያት ይጋጫል፣ አንድ ጠዋት ደግሞ መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ለማንም ሳይናገር ክኒኑን ቢያቆምና ቢሻለው በየትኛውም መዝገብ ውስጥ አይገኝም። ሚስቱ በዜና ስለ መድኃኒቱ ሰምታ ከሆነ ምናልባት ለኤፍዲኤ ሪፖርት ትልክ ይሆናል፤ ካልሰማች አትልክም። ሰውየው ወደ ጠቅላላ ሐኪሙ ሄዶ ቢናገር ሐኪሙ «ድባቴ» የሚለውን ኮድ ሊመርጥ ይችላል፤ ወይም «ስሜቱ ወርዷል፣ የሞት ሐሳብ አለው፣ በሳምንቱ ይመለስ» ብሎ በነፃ ጽሑፍ ብቻ ይተወዋል። ኮድ የሚቆጥር ተመራማሪ ይህን ሁለተኛውን ሐኪም ፈጽሞ አያየውም። ሰውየው በመድን የሚታከም ቢሆን መዝገቡ ውስጥ የሚገባው ክፍያ የተጠየቀበት ነገር ነው፤ ጉዳቱ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን የሚገልጸው ኮድ ክፍያውን ስለማይለውጠው ብዙ ጊዜ ሳይሞላ ይቀራል። ክኒን በብዛት ውጦ ሆስፒታል ቢተኛ የሆስፒታል መዝገብ ይይዘዋል። ቢሞት የሞት መዝገብ ይይዘዋል፤ ያም መርማሪው አሟሟቱን ራስን ማጥፋት ነው ብሎ ከወሰነ ነው።

የዚህ ሰው መከራ ከሌሊት መባነን እስከ ሞት ድረስ ደረጃ አለው። እያንዳንዱ ምንጭ የሚያየው አንዱን ወይም ሁለቱን ደረጃ ነው፤ ሁሉን የሚያይ አንድም የለም።

ከስምንት እጥፍ በላይ ያለው ምንጭ

ማስጠንቀቂያውን ያስከተለው ኤፍዲኤ የሚይዘው የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርቶች ቋት ነው። ሐኪሞች፣ ታካሚዎችና ቤተሰቦች በፈቃዳቸው፣ አምራቾች ደግሞ በሕግ ተገደው ሪፖርት ይልካሉ። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ከ1998 እስከ ሴፕቴምበር 2010 ማጨስ ማቆሚያ መድኃኒቶችን የሚመለከቱ፣ ራስን የመግደል ወይም የመጉዳት ባህርይን ወይም ድባቴን የሚገልጹ 3,249 ከባድ ሪፖርቶችን ለየ። ከእነዚህ 2,925ቱ ማለትም 90 በመቶው የቫሬኒክሊን፣ 229ኙ የቡፕሮፒዮን፣ 95ቱ የኒኮቲን ምትክ ምርቶች (ፕላስተር፣ ማስቲካና የመሳሰሉት) ነበሩ። ከኒኮቲን ምትክ ጋር ሲነጻጸር ለቫሬኒክሊን የተገኘው ምጣኔ 8.4 ሆነ። ይህን ቁጥር ያየ ሰው መደንገጡ አይፈረድበትም።

ቁጥሩ ግን «ከስንት ሰው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። 2,925 ሪፖርት ከስንት ተጠቃሚ እንደመጣ ቋቱ አያውቅም። ከዚህም የባሰው ከኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ ጋር የተደረገው ንጽጽር ነው። እነዚህ በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣሉ። ከመደብር ፕላስተር ገዝቶ የለጠፈና ስሜቱ የወረደ ሰው «ይህን ለመንግሥት ልጻፍ» ብሎ አያስብም፤ ስለ ጉዳዩ የሚጠይቀው ሐኪምም የለውም። ቫሬኒክሊን ግን አዲስ መድኃኒት ነበር፤ በዜናም ይነሣ ነበር። በሴፕቴምበር 2007 መድኃኒቱን ይወስድ የነበረ አንድ ሙዚቀኛ በዳላስ ከተማ ባልተለመደ ጠባይ መካከል በጥይት ተመትቶ ሲሞት ወሬው በሰፊው ተሰማ። ከዚያ በኋላ የሚላክ ሪፖርት የመድኃኒቱን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የዜናውንም ኃይል ይዞ ይመጣል። ማስጠንቀቂያው ሪፖርት ይወልዳል፤ ሪፖርቱም መልሶ ማስጠንቀቂያውን የሚደግፍ ይመስላል።

በተቃራኒው አቅጣጫም ጉድለት ነበረ። በኋላ እንደታወቀው አምራቹ ብዙ ከባድ ሪፖርቶችን ወዲያውኑ በሚታይበት መንገድ ሳይሆን በየጊዜው ከሚቀርብ ማጠቃለያ ጋር አያይዞ ይልክ ስለነበር ወደ ዋናው ቋት ሳይገቡ ቆይተዋል፤ ከእነዚህ መካከል 150 ራስን የማጥፋት ሪፖርቶች ነበሩ። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ በ2009 ቋቱን ቢከፍት የሚያገኘው ቁጥር በዜና የተነፋ፣ በአላላክ ስሕተት ደግሞ የጎደለ ነበር። ሁለቱ ስሕተቶች ይካካሳሉ ብሎ ማሰብ ከንቱ ተስፋ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም ይህን ምንጭ አልንቀውም። ለአንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያገለገለው እሱ ነው። በሪፖርቶቹ ውስጥ ታሪክ አለ፦ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ መድኃኒቱ ሲቆም መሻሉ፣ እንደገና ሲጀመር መመለሱ። ኤፍዲኤን በተለይ ያሳሰቡት ሪፖርቶች ማጨስ ባላቆሙ ሰዎች ላይ የታዩት ነበሩ፤ እነዚህን በኒኮቲን መቅረት ማሳበብ አይቻልም። እንዲህ ያለ ዝርዝር በየትኛውም የመድን መዝገብ ውስጥ አይገኝም። ጥርጣሬ ለማንሣት ሪፖርት ተገቢ ምንጭ ነው። የአደጋን መጠን ለመለካት ግን አልተሠራም፤ በዚያ ቋት ላይ የተሠላ ምጣኔ «አደጋው ስምንት እጥፍ ነው» ተብሎ ሲነበብ ዝም ማለት አይገባም።

የእንግሊዝ ሐኪሞች መዝገብ

በ2009 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በጠቅላላ ሐኪሞች መዝገብ ላይ ተመሠረተ። 80,660 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን 10,973ቱ ቫሬኒክሊን፣ 6,422ቱ ቡፕሮፒዮን፣ የቀሩት 63,265 ሰዎች የኒኮቲን ምትክ ታዞላቸዋል። እዚህ «ከስንት ሰው?» የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። የእንግሊዝ ሐኪሞች ፕላስተርና ማስቲካንም በማዘዣ ስለሚሰጡ የሚነጻጸረው ወገንም በመዝገቡ ውስጥ ይታያል፤ የቀድሞ ድባቴና የሌላ መድኃኒት ታሪክም አብሮ አለ። ከኒኮቲን ምትክ ጋር ሲነጻጸር የቫሬኒክሊን ውጤት ራስን በመጉዳት ረገድ 1.12 ሆነ (1 ማለት እኩል ነው)፤ ማለትም ልዩነት የለም ለማለት የቀረበ። ግምቱ ሊያርፍበት የሚችለው ክልል ግን ከ0.67 እስከ 1.88 ነው። አጥኚዎቹ አደጋው ወደ ሁለት እጥፍ የመጠጋቱን ዕድል ማስወገድ እንደማይችሉ በግልጽ ተናገሩ፤ ያ ሐቀኝነት ሊመሰገን ይገባል።

ከዚያ የመጣው ሥራ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁን ትምህርት የያዘ ነው። እነዚያው የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የሐኪሞቹ መዝገብ ራስን ማጥፋትን ምን ያህል እንደሚይዝ ለማወቅ ከብሔራዊ የሞት መዝገብ ጋር አስተያዩት። በሞት መዝገብ ራስን ማጥፋት ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ በሐኪሞቹ ኮድ ሊታወቁ የቻሉት ሩብ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ ታካሚው መሞቱን ያውቃል፤ «ሞቷል» ብሎ ይመዘግባል፤ እንዴት እንደሞተ የሚወስነው ግን ሌላ አካል ስለሆነና ውሳኔውም ዘግይቶ ስለሚመጣ ምክንያቱ ወደ ኮድ ሳይገባ ይቀራል። በዚህ መዝገብ ብቻ ራስን ማጥፋትን የሚያጠና ሰው ከአራት ሞት ሦስቱን አያይም ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ጉድለት በጥናታቸው መጨረሻ በአንድ መስመር ሊያልፉት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ለክተው አሳተሙት፤ ከዚያም ሥራቸውን አስተካከሉ።

በ2013 የወጣው ቀጣዩ ጥናት የሐኪሞቹን መዝገብ ከሆስፒታልና ከሞት መዝገቦች ጋር አገናኝቶ 119,546 አዋቂዎችን ያዘ፤ ከእነዚህ 31,260ዎቹ ቫሬኒክሊን የታዘዘላቸው ናቸው። ራስን በመጉዳትና በማጥፋት ረገድ ውጤቱ 0.88 ሆነ፤ ክልሉ ከ0.52 እስከ 1.49። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከ119,546 ሰው ውስጥ ራሱን የጎዳ ወይም ያጠፋ ሆኖ የተገኘው 92 ሰው ነው። ጥናቱ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አለው፤ ጥያቄውን የሚመልሱለት ግን ዘጠና ሁለት ናቸው፤ እነሱም በሦስት መድኃኒት ይከፋፈላሉ። ብርቅ ለሆነ ክስተት የመረጃ ስፋት የሚለካው በሰዎቹ ቁጥር ሳይሆን በክስተቶቹ ቁጥር ነው፤ ይህን ምንጭ ከመምረጥ በፊት ማስላት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከሚገባው በላይ ያማረ መልስ

በ2015 ሌላ የእንግሊዝ ጥናት በተለየ የሐኪሞች ቋት ላይ ተሠራ። 164,766 ታካሚዎች፣ ከእነሱ 51,450 የቫሬኒክሊን ተጠቃሚዎች ነበሩት። እዚህ ቫሬኒክሊን የወሰዱት ከኒኮቲን ምትክ ተጠቃሚዎች ይልቅ ራሳቸውን የመጉዳታቸው መጠን 0.56፣ የድባቴ መጠናቸው ደግሞ 0.66 ሆኖ ተገኘ። በወረቀት ላይ ሲነበብ መድኃኒቱ ሰውን ከድባቴ የሚጠብቅ ይመስላል።

እኔ ይህን እንደዚያ አላነበውም፤ አጥኚዎቹም ጥንቃቄ አድርገዋል። ሰዎቹ መድኃኒቱን የጀመሩት ከ2007 ወዲህ ነው፤ ያ ደግሞ ማስጠንቀቂያው በየሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የነበረበት ዘመን ነው። የድባቴ ታሪክ ያለው አጫሽ ሲመጣ ሐኪሙ ቫሬኒክሊንን ትቶ ፕላስተር ይጽፋል። አንዳንዱ ታሪክ በኮድ ስላለ በስሌት ሊስተካከል ይችላል፤ ሐኪሙ በፊቱ ያነበበው ጭንቀት፣ በነፃ ጽሑፍ የሰፈረው የቤተሰብ ጠብ ግን ለስሌቱ አይታይም። ስለዚህ ቫሬኒክሊን ያገኙት ከመጀመሪያው ደኅና የነበሩት ናቸው። አጥኚዎቹ ይህን ዓይነቱን የተሸሸገ ልዩነት በስሌት ሞክረው መድኃኒቱ ጉዳት ያመጣል የሚለው አስተሳሰብ የማይመስል መሆኑን አሳይተዋል፤ ያንን እቀበላለሁ። 0.56 የሚለውን ግን የመድኃኒቱ ሥራ ነው ብሎ ለታካሚ መናገር አይቻልም።

በዚህ ረገድ ብልህ ምርጫ ያደረገው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የጤና ሥርዓት ላይ የተሠራው ጥናት ነው። የወሰደው ጊዜ ከኦገስት 2006 እስከ ኦገስት 2007 ማለትም ማስጠንቀቂያው ከመውጣቱ በፊት ነው። ሐኪሙም ታካሚውም ገና ምንም አልሰሙም፤ የሚመርጡበትም የሚጠረጥሩበትም ምክንያት የላቸውም። እዚያ የኒኮቲን ፕላስተር በሥርዓቱ ፋርማሲ በኩል ስለሚሰጥ ይመዘገባል። ኤፍዲኤ በኦክቶበር 2011 የዚህንና የቀድሞ ወታደሮች ጤና ተቋም ላይ የተሠራውን ጥናት ውጤት ሲያሳውቅ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል በመተኛት ረገድ በቫሬኒክሊንና በፕላስተር መካከል ልዩነት አልተገኘም አለ። ወዲያው ግን ሁለት ነገር ጨመረ፦ ጥናቶቹ የቆጠሩት ሆስፒታል ያስተኛውን ብቻ ነው፤ ብርቅ ክስተትንም ለመለየት አይበቁም። ማስጠንቀቂያውም ባለበት ቆየ። ከላይ ያሰብነው ሰው፣ ሌሊት የሚባንነውና ከሚስቱ ጋር የሚጋጨው፣ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ደኅና ሰው ተብሎ ተቆጥሯል።

የጊዜ ምርጫ የምንጭ ምርጫ አካል ነው ስል ይህን ማለቴ ነው። በ2006ና በ2010 የተቀዳ መረጃ ከአንድ ቋት ቢወጣም አንድ ምንጭ አይደለም።

ሰውን ከራሱ ጋር

ስዊድን በብሔራዊ የመለያ ቁጥር የመድኃኒት፣ የሆስፒታል፣ የወንጀልና የሞት መዝገቦቿን ማገናኘት ትችላለች። በ2015 በወጣ ጥናት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 7,917,436 ሰዎች ታዩ፤ ከ2006 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ቫሬኒክሊን የታዘዘላቸው 69,757 ነበሩ። እዚህ የተወሰደው መንገድ ደስ ይለኛል፤ አንዱን ተጠቃሚ ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን መድኃኒቱን የወሰደበትን ጊዜ ካልወሰደበት የራሱ ጊዜ ጋር ማነጻጸር ነው። የአንድ ሰው ዘር፣ አስተዳደግ፣ የቆየ ሕመም በሁለቱም ጊዜ አብሮት ስለሚኖር ሊያምታታ አይችልም። ራስን ከማጥፋት ባህርይ፣ ከወንጀልና ከትራፊክ አደጋ ጋር ግንኙነት አልተገኘም። በጭንቀትና በስሜት መታወክ ረገድ ግን ቀድሞ የአእምሮ ሕመም በነበረባቸው ሰዎች ላይ ብቻ ጥቂት ጭማሪ ታየ።

ይህች ጥቂት ጭማሪ መድኃኒቱ ነው ወይስ ማጨስ ማቆሙ? ይህ ንድፍ ሊመልሰው አይችልም፤ መድኃኒቱ የሚጀመረውና ሲጋራ የሚቆመው በአንድ ሰሞን ነውና። የስዊድን የታካሚዎች መዝገብ ደግሞ የሆስፒታልና የስፔሻሊስት ሕክምናን እንጂ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ የታየውን አይይዝም። ስለዚህ ቀለል ያለው ድባቴ እዚህም ከዓይን ይሰወራል። አገር ሙሉ መዝገብ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ሰዎቹን መጠየቅ

በመጨረሻ የመጣው ኤፍዲኤ አምራቾቹን ያዘዘውና ኢግልስ በሚል ስም የሚታወቀው ጥናት ነው። በ16 አገሮች፣ በ140 ማዕከላት 8,144 አጫሾች ተሳተፉ፤ ከእነሱ 4,116ቱ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያላቸው ናቸው። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ለቫሬኒክሊን፣ ለቡፕሮፒዮን፣ ለኒኮቲን ፕላስተርና ለፕላሴቦ (መድኃኒት ለሌለበት ማስመሰያ) ተመደቡ። ሁሉም ማጨስ ለማቆም የሚሞክሩ ስለሆኑ ማቆሙ የሚያመጣው ጫና በአራቱም ወገን አለ። ከሁሉ በላይ ግን ሰዎቹ በቀጠሮ እየተጠሩ «ስሜትህ እንዴት ነው? ቁጣ፣ ፍርሃት፣ የሞት ሐሳብ አለ?» ተብለው ተጠየቁ። ከላይ ያየነው የጠዋት ሐሳብ የሚመዘገብበት መንገድ በዚህ ጉዳይ ታሪክ ውስጥ እንዲህ በስፋት የተከፈተው እዚህ ነው።

የአእምሮ ሕመም በሌላቸው ከባድ ወይም መካከለኛ ምልክት የታየባቸው በቫሬኒክሊን 1.3 በመቶ፣ በፕላሴቦ 2.4 በመቶ ነበሩ። የሕመም ታሪክ ባላቸው ደግሞ በቫሬኒክሊን 6.5፣ በቡፕሮፒዮን 6.7፣ በፕላስተር 5.2፣ በፕላሴቦ 4.9 በመቶ። ራሱን ያጠፋው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፕላሴቦ ይወስድ የነበረ ነው። ከመቶ ሰዎች በመዝገብ ከሚታየው እጅግ የሚበልጡት ሲጠየቁ ችግራቸውን መናገራቸውን ልብ ይሏል። ፕላሴቦ የወሰዱት የሕመም ታሪክ ያላቸው ሰዎች እንኳ ከሃያው አንዱ ከበድ ያለ ምልክት ነበረው። ከዘጠነኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ማጨስን ያቆሙት በቫሬኒክሊን 33.5 በመቶ፣ በፕላስተር 23.4 በመቶ፣ በፕላሴቦ 12.5 በመቶ ናቸው።

ይህ ጥናትም እንከን አልባ አልነበረም። የኤፍዲኤ ገምጋሚዎች በአንዳንድ መረጃዎች አሰባሰብ ላይ ችግር አግኝተዋል፤ አጠቃላይ ድምዳሜውን ግን እንደማይለውጠው ወሰኑ። በሴፕቴምበር 2016 ከተሰበሰቡት 19 አማካሪዎች 10ሩ ማስጠንቀቂያው ይነሣ፣ 4ቱ ይሻሻል፣ 5ቱ ይቆይ አሉ። ዲሴምበር ላይ ተነሣ።

በዚያ መካከል በነበሩት ዓመታት ማጨስ ማቆም የፈለገ የድባቴ ታማሚ ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያሳየውን መድኃኒት እንዲፈራ ተደርጎ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ በሪፖርት ብቻ የተገመተ አደጋን መሸሽ በእርግጥ የሚታወቀውን የትምባሆ ጉዳት ማስቀጠል ሊሆን ይችላል። ኤፍዲኤ በ2009 መጠንቀቁን አልኮንነውም፤ የነበረው ምንጭ ያ ነበር። የሚቆጨኝ የተገናኙት መዝገቦች መልስ መስጠት የጀመሩት ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዛሬ ተመሳሳይ ጥያቄ ቢቀርብ

ስለ ሌላ መድኃኒት ይኸው ጥያቄ ዛሬ ቢቀርብልኝ የምጀምረው ከጠቅላላ ሐኪም መዝገብ ነው፤ ቀለል ያለው ሕመም የሚታየው እዚያ ስለሆነ። ይህም ከሆስፒታልና ከሞት መዝገብ ጋር ሊገናኝ ካልቻለ ራስን ስለ ማጥፋት አንድ ቃል አልጽፍበትም። የሚነጻጸረው መድኃኒት በዚያው በር፣ በማዘዣና በፋርማሲ መዝገብ የሚያልፍ መሆን አለበት፤ ከመደብር የሚገዛ ነገር ከሆነ «አልተጠቀመም» ተብሎ የተጻፈው ሰው ምን እንደተጠቀመ አይታወቅም። ጊዜውን ከማስጠንቀቂያና ከዜና በፊትና በኋላ እከፍለዋለሁ፤ ሁለቱ የተለያየ መልስ ከሰጡ የምናገረው የመጀመሪያውን አስቀድሜ ነው። ውጤቱን በአንድ ቃል አልጠቀልልም፤ የሞት ሐሳብ፣ ድባቴ፣ ራስን መጉዳት፣ ሆስፒታል መተኛትና ሞት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከነምንጫቸው ይቀመጣሉ። የነፃ ጽሑፍ ናሙና ለማንበብ ፈቃድ ካገኘሁ ጥቂት መቶ ገጾችን በዓይኔ አነባለሁ፤ ኮዱ የቱን ያህል እንደሚጥል የሚነግረኝ እሱ ነው።

ከቋቱ ባለቤት የምጠይቀው አንድ ጥያቄም አለ፦ ከመረጃው ውስጥ ለተመራማሪ ሳይሰጥ የቀረ ነገር አለ ወይ? ይህ በባህርይ ጤና መስክ ተራ ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የመንግሥት የጤና መድኖች ለተመራማሪዎች ከሚሰጡት መረጃ ውስጥ ከሱስ ሕክምና ጋር የተያያዙ ክፍያዎች በምሥጢር ጥበቃ ሕግ ምክንያት ተቀንሰው ነበር። መረጃውን የተቀበለ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ቢያየው ጉድለቱ አይታየውም፤ የሱስ ሕክምና የቀነሰ እንጂ የተቆረጠ አይመስልም።

ኢግልስ ያልዘጋው አንድ ክፍት ቦታ ይቀራል። በጥናቱ የተካተቱት የሕመም ታሪክ ያላቸው ሰዎች ሕመማቸው የተረጋጋ ነበሩ። በቅርቡ የተባባሰባቸው፣ ከሆስፒታል ገና የወጡ፣ የሞት ሐሳብ እየተፈራረቀባቸው ያሉ አጫሾች አልነበሩበትም፤ እነሱን በዕጣ መመደብም ቀላል አይሆንም። ለእነሱ መልስ የሚገኘው ከዕለት ተዕለት ሕክምና መረጃ ብቻ ነው። ስለ እነሱ ብዙው ነገር ያለው ደግሞ በአእምሮ ሐኪሞች ነፃ ጽሑፍ ውስጥ፣ ከጠቅላላ ሐኪሙ መዝገብ ብዙ ጊዜ ተነጥሎ በሚቀመጥ ሥርዓት ላይ ነው። ይህን ጥያቄ ለማጥናት የሚነሣ ቡድን ከስሌቱ በፊት ጊዜውንና ገንዘቡን የሚያፈስበት ሥራ እነዚህን ሁለት መዝገቦች ማገናኘት ነው።